ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ተቋም ምን ይሠራል? አንድ ጥያቄና 31 መልሶች

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። በርሊን ነው የምኖረው። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ሙገልዜ ወደሚባለው ሐይቅ እወርዳለሁ። በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው ያለው። እነሱ ሲዋኙ እኔ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። እዚያ ዛፍ የሸፈነው አንድ ጸጥ ያለ ግቢ አለ። የላይብኒትዝ የሐይቅና የወንዝ ሥነ ምህዳር ተቋም ነው። ጀርመኖቹ ባጭሩ ኢጌቤ ይሉታል። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለዓመታት እያየሁ አልፌዋለሁ። በቅርቡ ግን ስለ ተቋሙ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩት ነገር ከልቤ አልወጣ አለ።

ተቋሙ አሁን ባለው መልኩ የተቋቋመው በ1992 ነው። ሐይቁን በየጊዜው መለካት ግን የተጀመረው ከዚያ በፊት፣ በ1970ዎቹ፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ነው። ሙቀቱን፣ ኦክስጅኑን፣ ፎስፈረሱን፣ በዓይን የማይታዩትን አልጌዎች ሳይቀር። ግንቡ ፈረሰ። መንግሥት ተቀየረ። መለካቱ አልቆመም።

ክሩ ላይ የጻፍኩት ሐሳብ ይህን ተከትሎ የመጣ ነው። የአውሮፓ ሐይቆች ከብክለት ያገገሙት አገሮቹ ሀብታም ስለሆኑ ብቻ አይደለም አልኩ። ዳራቸው ቁጭ ብሎ፣ ሳይሰለች፣ ያንኑ ነገር በየሳምንቱ የሚለካ ሰው ስለነበራቸው ነው። ለምሳሌ የእንግሊዙን ዊንደርሚር ሐይቅ አነሳሁ። የብሪታንያ የሐይቅና የወንዝ ባዮሎጂ ማኅበር የተመሠረተው በ1929 ነው። ሳይንቲስቶቹ ሐይቁ ዳር ያለ ሬይ ካስል የሚባል የድንጋይ ቤት ውስጥ ገብተው ሥራ ጀመሩ። ከ1945 ወዲህ ያለው የሐይቁ መዝገብ ዛሬም እየተጻፈበት ነው። በመጨረሻ ጠየቅሁ፦ ተሳስቻለሁ ወይ?

በአምስት ቀን ውስጥ 31 መልስ መጣ። ያላያችሁት ብዙ ስለሆናችሁ እንደ ቅደም ተከተሉ ላውራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 ሐምቡርግ የሚኖሩ አንድ አባት የጻፉት ነው። መርቀውኝ ጀመሩና በትሕትና አረሙኝ። ከዊንደርሚር የቀደሙ እንዳሉ አስታወሱ። በሰሜን ጀርመን ፕሎን በምትባል ከተማ ኦቶ ዛካሪያስ የተባለ ሰው በ1891 የሐይቅ ምርምር ጣቢያ ከፍቶ ነበር። በኦስትሪያ ተራሮች መሀል ሉንትስ ላይ ደግሞ በ1905 ሌላ ተከፈተ። ከዚያ ያሉት ነገር ግን ሐሳቤን ትንሽ አናጋው። የፕሎኑ ጣቢያ አድጎ አድጎ የማክስ ፕላንክ የሊምኖሎጂ ተቋም ሆነ። በ2007 ግን ስሙም ሥራውም ተቀይሮ የዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ ተቋም ሆኗል። የሉንትሱም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተዘግቶ፣ ቆይቶ ነው ዋሰርክላስተር በሚል ስም የተመለሰው። ስለዚህ ትዕግሥት የአውሮፓ ተፈጥሮ ነው ብለህ አታስብ አሉኝ። እዚያም በጀት ይቆረጣል፤ እዚያም በር ይዘጋል።

መልስ 2 ሊምኖሎጂ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። አጭርና ቀና ጥያቄ ነበር። መልስ 3 ላይ አንዲት መምህርት መለሰችለት። የሐይቅና የወንዝ ውሃ ሳይንስ ነው፤ ቃሉ ሐይቅ ከሚል ግሪክኛ የመጣ ነው። መሥራቹ ስዊዘርላንዳዊው ፍራንሷ አልፎንስ ፎሬል ነው። ሞርዥ በምትባል ከተማ፣ ሌማን ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ስለዚያው ሐይቅ ከ1892 እስከ 1904 ሦስት ጥራዝ ጽፎ አለፈ። አንድ ሐይቅ፣ አንድ ዕድሜ አለች። ደስ የሚል አገላለጽ ነው።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ጠንከር አለ። ጸሐፊው ስዊዘርላንድ ውስጥ በፍሳሽ ማጣሪያ የሚሠራ ነው። መለካት ማንንም አላዳነም ሲል ገና ከመጀመሪያው ተቃወመኝ። ቴርሞሜትር ትኩሳት አያወርድም አለ። በ1963 ዘርማት በምትባለው የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ታይፎይድ ገብቶ 437 ሰው ታሞ 3 ሰው ሞቷል። ውሃው ተበክሎ ነበር። በ1965 የፍሳሽ ቆሻሻው ከማጣሪያ ጋር የተገናኘለት የስዊዝ ሕዝብ 14 በመቶ ብቻ ነበር። ዛሬ ሁሉም ለማለት ይቻላል። ይህን ያመጣው ፍርሃት፣ በ1971 የወጣው ሕግና ከመሬት በታች የተቀበረው ቧንቧ ነው ባይ ነው። አንተ ስለ ናሙና ጠርሙስ ታወራለህ፣ እኛ ስለ ሲሚንቶ እናወራለን በሚል መንፈስ ነበር የቋጨው።

እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ ለአንድ ቀን ዝም አሰኝቶኛል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። እኔም እንዲህ አድርጌ አላሰብኩትም ነበር።

መልስ 5 ከዙሪክ መጣ፤ ለእኔ ተሟገተልኝ ማለት ይቻላል። ያንን ሕግ ያመጣው ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። ዱበንዶርፍ ላይ ያለው ኤዋግ የሚባለው የውሃ ምርምር ተቋም በ1936 እንደ ትንሽ አማካሪ ቢሮ ነው የተጀመረው። ከ1952 እስከ 1970 የመራው ኦቶ ያግ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደበቅ ሰው አልነበረም። ስለ ውሃ ጥበቃ በየአደባባዩ ያስተምር ነበር። ማጣሪያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያውቁ መሐንዲሶችንም ተቋሙ ነው ያሠለጠነው። ሲሚንቶውን የት እንደምታፈስ የነገረህ ያ ጠርሙስ ነው ብሎ ለቁጥር 4 መለሰለት። ቁጥር 4 በመልስ 6 ተመልሶ መጣና ኦቶ ያግን እንደሚያከብር ገልጾ፣ ክርክሩን ግን አልተወም። ሁለቱ ከዚያ በኋላም በየመሀሉ መነካካታቸው አልቀረም።

መልስ 7 ለእኔ ከክሩ ሁሉ የበለጸገው ነው። የጻፈችው ቦደንዜ ሐይቅ ዳር የምትኖር ነርስ ናት። ይህ ሐይቅ የጀርመን፣ የስዊዘርላንድና የኦስትሪያ ነው። ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠጣዋል። ከጦርነቱ በኋላ ከየከተማው ፍሳሽ፣ ከልብስ ሳሙናና ከማሳ ማዳበሪያ የሚወርደው ፎስፈረስ እየጨመረ መጣ። ፎስፈረስ ለአልጌ ቀለቡ ነው። አልጌው ይበዛል፣ ይሞታል፣ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እዚያ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከታች ያለው የዓሣ እንቁላል ይታፈናል። ሦስቱ አገሮች በ1959 አንድ የጋራ ኮሚሽን አቋቋሙ። የላንገንአርገን የሐይቅ ምርምር ተቋምና ሌሎቹ በሚያመጡት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ማጣሪያ ተሠራ፣ በሳሙና ላይ ገደብ ተጣለ። ስዊዘርላንድ በ1986 ፎስፌትን ከልብስ ሳሙና ጨርሳ አገደች። በ1980 አካባቢ በሊትር ከ80 ማይክሮግራም በላይ የነበረው ፎስፈረስ ዛሬ ከ10 በታች ነው።

ነርሷ ይህን ያወቀችው ከአንድ ታማሚዋ ነው። ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። አልጋ ላይ ሆነው፣ ልጅ ሳሉ ሐይቁ እንዴት እንደሸተተ፣ ከዚያ እንዴት እንደጠራ ይነግሯታል። ሲጠራ ደስ አላቸው። ቀጥሎ ግን መረባቸው ባዶ መውጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ መልስ 8 ተቆጣ። ሳይንቲስቶቹ ሐይቁን አጥበው አጥበው ዓሣውን አስራቡት የሚል ነው ነገሩ። ድሃው አጥማጅ ኪሳራውን ተሸከመ፣ እነሱ ወረቀት አሳተሙ። የመናገሪያው ቃና ሻካራ ነበር፤ ነርሷንም የሚያስከፋ ቃል ነበረበት። አወያዩ ቃሉን አነሳው።

መልስ 9 በጨዋ ቃል አስተካከለው። የአጥማጆቹ ቅሬታ እውነት ነው። ፎስፈረሱ ትንሽ ከፍ እንዲል ይፈቀድ ብለው ጠይቀዋል፤ ኮሚሽኑ ግን አልተቀበለም። ምክንያቱም ሐይቁ ድሮም፣ ከብክለቱ በፊት፣ ምግቡ ጥቂት የሆነ ሐይቅ ነበር። ፌልሸን የሚባለው የአካባቢው ዓሣ የተመናመነው ግን በዚያ ብቻ አይደለም። በ2016 ኩዋጋ የሚባል ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ ሐይቁ ውስጥ ተገኘ። የጥቁር ባሕር አካባቢ ዝርያ ነው። ውሃውን እያጣራ የዓሣውን ምግብ ይወስዳል። የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ውስጥም ይራባል። ከ2024 ጀምሮ ፌልሸን ማጥመድ ለሦስት ዓመት ተከልክሏል። መልስ 9 በመጨረሻ ያስታወሰን እኛ የምናውቀውን ነው፤ ጣና ላይ እምቦጭ በ2011 ሲታይ መጀመሪያ ጥቂት ነበር። እንግዳ ዝርያ ገና ጥቂት ሳለ የሚያየው ሰው ካልኖረ፣ ሁሉም ሰው ሲያየው ጊዜው አልፏል።

ከ10 እስከ 13 ያሉት መልሶች መንገድ ሳቱ። አንዱ ፌልሸን በምን ይጠበሳል ብሎ ጠየቀ። ሌላዋ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን አነሳች። ይህ ጥያቄ በሐበሻ መሀል ተነሥቶ በቶሎ ያለቀበትን ቀን አላውቅም። ሐምቡርግ ያሉት አባት እንኳ ገቡበት። አወያዩ ለእሱ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ መለሰን።

መልስ 14 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን፤ አመጣጡ ግን በሐዘን ነው። የጻፈው ከፖላንድ ድንበር አጠገብ፣ ኦደር ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ነው። ኦገስት 2022 ላይ ከልጁ ጋር ወደ ወንዙ ወርዶ ያየውን ነገረን። ዓሣው ነጭ ሆዱን ሰቅሎ ወንዙን ሞልቶት ነበር። ትልልቁም፣ ጣት የምታህለውም። ሽታው ቤት ድረስ ገባ። ሰዎች በጎማ ጫማና በጓንት ገብተው በዘንቢል ያወጡ ነበር። በሁለቱ አገሮች የተለቀመው የሞተ ዓሣ በመቶዎች በሚቆጠር ቶን ነው። ልጁ ለምን ሞቱ ሲለው መልስ አልነበረውም። ከዚያ ጥያቄውን ወደ እኔ ወረወረው። በርሊን እኮ ከኦደር ሩቅ አይደለም። ያ የምታደንቀው ተቋም የት ነበር?

መልስ 15 ቀድሞኝ መለሰ። ፖትስዳም የሚማር ወጣት ነው። መጀመሪያ ሜርኩሪ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። የኢጌቤ ሰዎች የውሃውን ናሙናና የሳተላይት ምስል አይተው በአልጌ ላይ ጥርጣሬያቸውን አሳወቁ። ፕሪምኔሲየም ፓርቩም የሚባል አልጌ ተገኘ። ይህ አልጌ በተፈጥሮው የሚኖረው ባሕር ከወንዝ በሚገናኝበት፣ ጨውነት ባለው ውሃ ነው። ዓሣን የሚገድል መርዝ ያወጣል። መርዙንም ቪየና ያለ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አረጋገጠ። ታዲያ የባሕር ዳር አልጌ ከባሕር ርቆ ወንዝ ውስጥ ምን ያደርጋል? ከላይ፣ ፖላንድ ውስጥ ካለው ከሲሌዥያ የከሰል ማዕድንና ከኢንዱስትሪ የሚለቀቀው ጨዋማ ፍሳሽ ነው የጋበዘው። በጋው ሞቃት ነበር። ውሃው ቀንሶ ነበር። ጨው ሲከማች አልጌው በአንድ ጊዜ በዛ።

መልስ 16 የክሩ በጣም ስለታም ንግግር ነበር። ከዚህ ቀደም ያልተናገረች ሴት ናት፤ በሙያዋ ኬሚስት እንደሆነች ገልጻለች። ይህ ሬሳ ምርመራ እንጂ ሕክምና አይደለም ስትል ጻፈች። የበለጠ የሚያመውንም ነገረችን። ፍራንክፈርት አን ደር ኦደር ላይ አውቶማቲክ የመለኪያ ጣቢያ አለ። በኦገስት መጀመሪያ የጨው መጠኑም፣ ኦክስጅኑም፣ የአልጌ ምልክቱም ሲዘል ጣቢያው መዝግቦታል። መሣሪያው አይቷል። ቁጥሩ ተጽፏል። ግን ቁጥሩን አይቶ ስልክ ያነሣ ሰው አልነበረም። ከፖላንድ በኩልም ማስጠንቀቂያው በጊዜው አልደረሰም። ለእኔ በቀጥታ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ጠንካራ ነበር፤ ለካሁ ብሎ የተኛ ተቋም ጨርሶ ካልለካው በምን ይለያል የሚል ነው።

መልስ 17 የእኔ ነው። አልተሟገትኩም። ልክ ነሽ አልኳት። መለካት ብቻውን ይበቃል ብዬ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ከላይ ሄጄ አስተካከልኩት። ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። ያ አልጌ ምን እንደሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ የታወቀው አልጌን በማይክሮስኮፕ አይተው በስሙ የሚጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጀምበር አይገኝም። ዓሣ ሲሞት ማስታወቂያ አውጥተህ አትቀጥረውም። ምንም ባልተፈጠረባቸው ዓመታትም ደመወዝ ከፍለህ ታቆየዋለህ። ቁጥሩን የሚያነብም፣ ስልክ የሚያነሣም ሰው እንዲሁ። ኬሚስቷ ይህን አላመሰገነችም፤ አልተቃወመችምም።

መልስ 18 ከጣሊያን ነው። ኖቫራ አካባቢ የአረጋውያን ተንከባካቢ ሆና የምትሠራ እህት ናት፤ ኦርታ የሚባለውን ሐይቅ ታሪክ አመጣችልን። በ1926 የሰው ሠራሽ ሐር ፋብሪካ ሐይቁ ዳር ተከፈተ። መዳብና አሞኒየም ያለበትን ፍሳሽ ወደ ሐይቁ ይለቅ ነበር። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ሕይወት ጠፋ። ሪና ሞንቲ የተባለች ሳይንቲስት ይህን በ1930 በጽሑፍ አወጣችው። በ1938 ደግሞ ማጆሬ ሐይቅ ላይ፣ ፓላንሳ ውስጥ፣ የውሃ ባዮሎጂ ተቋም ተከፈተና ኦርታን መከታተሉን ቀጠለ። አሞኒየሙ ውሃው ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይፈጥራል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4 አካባቢ ወረደ። ፍሳሹ ከተገታ በኋላ እንኳ ሐይቁ ኮምጣጤ እንደሆነ ቆየ። በመጨረሻ በ1989 እና በ1990 ኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ በጀልባ ተበተነበት። ምን ያህል እንደሚበቃ መገመት የተቻለው የአሥርት ዓመታት ልኬት ስለነበረ ነው። ሐይቁ ዳነ። የምትንከባከባቸው አሮጊት ልጅ ሳሉ ሐይቁ ውስጥ አንድም ዓሣ አላየሁም ይሏታል። ዛሬ የልጅ ልጃቸው ያጠምዳል።

ይህ መልስ የኬሚስቷንም ልብ ያራራ ይመስለኛል። ከሥሩ ምስጋና የጻፈችው እሷ ናት፤ መልስ 19 ማለት ያ ብቻ ነው።

መልስ 20 ከዝዋይ አካባቢ መጣ። ክሩ አገር ቤት የገባው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው መምህር ነው፤ ምሬቱ አይደበቅም። ፈረንጅ በመኪና ይመጣል፣ ናሙና ይቀዳል፣ ይሄዳል። ከዚያ ጥናቱ በማናነበው መጽሔት ይወጣል። የሐይቃችን ቁጥር አውሮፓ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እኛ ግን እናንተ አውሮፓን ስታመሰግኑ እናነባለን። ተሰብስባችሁ የሰው ሐይቅ ታደንቃላችሁ የሚል ነገር አለበት። ብዙ ሰው ወደደው።

መልስ 21 ዴልፍት የተማረ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ወንድሜ ብሎ ጀመረ፤ ግን አልለሰለሰም። ሆላንድ ያለው አይኤችኢ ዴልፍት በ1957 ሲጀመር ዓላማው ራሱ ከሌላ አገር የሚመጡ የውሃ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተምረው ተመልሰው አገር ውስጥ እየሠሩ ነው። መሳቢያው አውሮፓ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም የተቆለፈ መሳቢያ አለ ሲል ጻፈ። እሱ ራሱ በአንድ መሥሪያ ቤት የድሮ የወንዝ መዝገብ ለማየት ወራት ተመላልሷል። መዝገቡ በመጨረሻ ሲገኝ እርጥበት በልቶት ነበር።

መልስ 22 ላይ ክሩ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ስለ ጥርሱ ጻፈ። ስምጥ ሸለቆ ነው ያደገው። እሳተ ገሞራ የሠራው ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። የእሱ ጥርስ ቡናማ ነው። አያቱ ጀርባቸው ጎብጦ ነው ያረፉት። ፎቶ ሲነሣ ዛሬም አፉን ይዘጋል። ቀጥሎ የነገረን ነገር ብዙዎቻችን አናውቀውም ነበር። ያ ቁጥር 5 ያነሳው ኤዋግ ከአገር ውስጥ ድርጅቶች ጋር ሆኖ በአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሞክሯል። የከብት አጥንት አየር በሌለበት ይቃጠላል፣ ይፈጫል፣ ውሃው በላዩ ያልፋል፤ ፍሎራይዱ አጥንቱ ላይ ይቀራል። በመጀመሪያ አጥንት ያለፈበትን ውሃ የማይጠጡ ሰዎች ነበሩ። ምን ዓይነት ከብት ነው? በማን እጅ የታረደ ነው? የሚል ጥያቄ ነበር። ደግሞ ከሰሉ ከጊዜ በኋላ ስለሚጠግብ መቀየር አለበት። ማነው የሚቀይረው? በማን ገንዘብ? ዋናው ችግር ኬሚስትሪው ሳይሆን ይህ ነው ብሎ ዘጋ።

መምህሩ በመልስ 23 ተመልሶ መጣ። ለጥርሱ ሰው ወንድማዊ ቃል ጻፈለት። ቀደም ብሎ የተናገረውን ግን አልሻረውም። ማጣሪያው ከመጣ ማን እንደሚቀይረው አብሮ ይምጣ አለ። በዚህ ከቁጥር 22 ጋር አንድ ነገር እየተናገሩ ነበር።

24 እና 25 የስኮላርሺፕ ጥያቄዎች ናቸው። የማመልከቻ ጊዜው መቼ ነው፣ ዕድሜ ገደብ አለው ወይ የሚል። መሐንዲሱ በውስጥ መስመር አግኙኝ አላቸው። 26 ላይ አንዲት እናት ውሃን በላስቲክ ጠርሙስ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማኖር ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች። ከዙሪክ ያለው ቁጥር 5 መለሰላት። ይሠራል፤ እሱንም ኤዋግ ነው አጥንቶ ያስፋፋው። ጠርሙሱ ያልደበዘዘ፣ ውሃው ያልደፈረሰ ይሁን። በጠራ ፀሐይ ስድስት ሰዓት፣ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን ምንም አያደርገውም። ይህን የመጨረሻውን ደግሞ ደጋግሞ ነው የጻፈው፤ በጎ አደረገ።

መልስ 27 ሐምቡርግ ያሉት አባት ናቸው። መምህሩ የተናገረው መሳቢያ ውስጥ ያለውን አንድ ወረቀት አወጡልን። በ1973 የታተመ ጥናት ነው። ጃክ ታሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ፣ እኔ ክሩን የከፈትኩበት የዊንደርሚሩ ተቋም ሰው፣ አዲስ አበባ ይሠሩ ከነበሩ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ ሁለት ሐይቆችን አጠና። አረንጓዴ ሐይቅና ኪሎሌ። ሁለቱም ያኔ ሶዳ የበዛባቸው፣ ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያረነጓዳቸው ነበሩ። ጥያቄው፣ በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ቢበዛ ቢበዛ ምን ያህል ሊያመርት ይችላል የሚል ነበር። ከፍተኛውን ወሰን የፈለጉት እኛ ዘንድ መጥተው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሞጆ ወንዝ ወደ ኪሎሌ ተጠልፎ ገባ። ውሃው ቀጠነ፣ ሶዳው ሄደ፣ ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ሆነ። ያ ወረቀት ባይኖር ኪሎሌ ምን እንደነበረ ማን ይነግረን ነበር? አባታችን ይህን ጽፈው ለመምህሩ አንድ ነገር አከሉ። ወረቀቱን የምታገኝበትን መንገድ እነግርሃለሁ፤ ያንተ ነውና ውሰደው አሉት።

መምህሩ ምላሹን በአንድ መስመር ሰጠ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ያንን እጠብቃለሁ። ይህ መልስ 28 ነው።

መልስ 29 ቢሾፍቱ የምትኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። እስካሁን ስታነብ ብቻ ነበር። ያለ ቤተ ሙከራ መለካት የሚቻል ነገር አለ ወይ ስትል ጠየቀች። ቤቷ ከባቦጋያ ሐይቅ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

መልስ 30 ያቺ ስለታም ኬሚስት ናት፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። በ1865 ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የጠፈር ተመራማሪ ከጳጳሱ መርከብ ላይ ነጭ ክብ ሳሕን ወደ ባሕር አውርዶ እስከ ምን ጥልቀት እንደሚታይ መዘገበ። ሐይቅ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም በዚያው ይለካሉ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክዳን ፈልጊ አለቻት። አራት ቦታ ከፍለሽ ጥቁርና ነጭ ቀቢው። ከሥሩ ድንጋይ እሰሪበት፤ ገመዱን በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ቋጥሪው። በጀልባዋ ጥላ በኩል፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ቀስ ብለሽ አውርጂው። ከዓይንሽ ሲጠፋ ቋጠሮውን ቁጠሪ፣ ስታወጪው መልሶ ሲታይም ቁጠሪ፣ አማካዩን ውሰጂ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደመና ካለ ደመናውን ጻፊ። በእርሳስ ጻፊ፣ ቀለም ውሃ ሲነካው ይጠፋል። ብቻሽን ጀልባ ላይ አትውጪ። በሳምንቱ ደግሞ እዚያው ቦታ ተመለሺ።

መልስ 31 ትናንት ማታ ነው የመጣው። ልጅቷ ክዳን አግኝታለች፤ የቀለም ጣሳ ክዳን ነው። አጎቷ ጀልባ ያለው ሰው ያውቃል። ቅዳሜ ይወጣሉ። ቁጥሩን እዚሁ ክሩ ላይ ብጽፈው ችግር አለው ወይ ብላ ጠይቃለች።